ሳይጠይቃት የጫነው

ላፕቶፑን ስትከፍት የጠበቃት ስክሪን የሷ አልነበረም። የልጇ ፎቶ ጠፍቶ በቦታው ሰማያዊ ተራራ ተዘርግቷል። መጀመሪያ የሰው ዕቃ ያነሳች መሰላት። ገልብጣ አየችው፤ ጥጉ ላይ ያለችው ስንጥቅ የራሷ ናት።

«አንተ!» ብላ ተጣራች።

ባሏ የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አለ። «አየሽው? ዊንዶውሱን አጥፍቼ ሊኑክስ ጫንኩልሽ። ፌዶራ የሚባለው ዓይነት ነው። ትናንት እናትሽ ጋ ስትሄጂ ጊዜ አገኘሁ።»

«ማን ጫንልኝ አለህ?»

«ቀርፋፋ ነው እያልሽ ስታማርሪ አልነበር?»

«ራሴን አመመኝ ብልህ ጭንቅላት ትቀይርልኛለህ?»

«ፋይሎችሽ እኮ አንድም አልጎደለም፤ ሁሉንም ገልብጫለሁ» አለ አረፋውን እየዋጠ።

እሷ ተርጓሚ ናት። ለስኳር ሕሙማን የሚታደል የመድኃኒት መመሪያ እስከ ምሳ ሰዓት ማስረከብ አለባት፤ ከዚህ ደንበኛ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ባሏ የነገራትን አዲስ የይለፍ ቃል አስገብታ ፋይሉን ከፈተችው። እውነትም አልጎደለም፤ ሰንጠረዡ ግን ተዘበራርቋል። የአንዱ ኪኒን መጠን ከሌላው ስም ሥር ገብቷል። እንዲህ ሆኖ ቢታተም ሰው ይጎዳል።

በዚህ መሐል ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ገባ። ወንድማማቾቹ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ጠዋት ጠዋት አብረው ነው የሚሄዱት። በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አየ።

«ፌዶራ? ለሷ? ሚንት የሚባለው ሊኑክስ ነበር የሚሻላት!»

«ሚንት የጀማሪ ነው» አለ ባሏ።

«እና እሷ ምንድን ናት?»

«አርች ጭኖ ስንት ቀን ያለ ኢንተርኔት የከረመ ሰው ደግሞ አስተያየት ይሰጣል!»

ጨዋታው ጦፈ። ከሊኑክስ ተነስተው ወደ ፕሮግራም ቋንቋ ተሻገሩ፤ አንዱ ፓይተን ሲል ሌላው ራስት እያለ ከበላይዋ ቆመው ይከራከራሉ። ስለ ማን ኮምፒውተር እንደጀመሩ ያስታወሰ የለም።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ይህን ሰንጠረዥ ታስተካክሉልኛላችሁ?» አለች።

«የፎንት ጉዳይ ነው» አለ ባሏ።

«ፎንት አይደለም!» አለ ወንድሙ።

«ውጡልኝ። ሁለታችሁም።»

በሩ ሲዘጋ ቤቱ ጸጥ አለ። ደንበኛው የላከላትን ዋናውን ቅጂ በስልኳ ከፍታ ከጎኗ አቆመች። እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅ አውጥታ እያነበበች፣ መጠኑን ወደየስሙ መለሰች። እንደጨረሰች ደግማ ከላይ ጀመረች። ስትልከው ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያስተዋለችው፦ ማሽኑ አንዴም ቀጥ ብሎ አልቆመባትም። በሆዷ አመሰገነችው፤ ባሏን ግን አላመሰገነችም።

ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቃት እሱኑ ነበር።

«ፈጠነልሽ አይደል?»

«ፈጥኗል።»

ፊቱ በራ። «አላልኩሽም! እንግዲያው ቅዳሜ ደግሞ የስክሪኑን አቀማመጥ እንዳለ እቀይርልሻለሁ። አሁን ያለው አይመችሽም።»

ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች፤ እሱ ያወጣላትን የይለፍ ቃል አጥፍታ ሌላ ጻፈችበት።

«የይለፍ ቃሉን ምን አልሽው?»

«ፌዶራው ይቆይ፤ ወድጄዋለሁ» አለች ድምፅዋን ሳትጨምር። «የምትቀይረው ነገር ሲኖር ግን መጀመሪያ ጠይቀኝ። ከተስማማሁ እኔ እከፍትልሃለሁ።»

ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው።