ድንበሩን ያስተኙት ለታ

የሚመለከተው ሁሉ ይወቀው፦ የአድማሴና የአቻምየለሽ ድንበር ከመንገዱ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከወንዙ ቢነሡም ወደ መንገዱ ይወጣል። ወደ ጎን አይሄድም፤ ሄዶም አያውቅም።

ይህን ለመጻፍ መገደዴ ራሱ ያበሳጨኛል። ግን ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ ከአስፋልቱ በታች ባለችው ቀበሌያችን፣ ይህችን ነገር ለማስረዳት ሁለት ስብሰባ ፈጅቼ አልተሳካልኝም።

ሁለቱ ማሳዎች ጎን ለጎን የተዘረጉ ረዣዥም መሬቶች ናቸው፤ የአድማሴ በምሥራቅ፣ የአቻምየለሽ በምዕራብ። የሁለቱም የላይ ጫፍ መንገዱ፣ የታች ጫፍ ወንዙ ነው። አቻምየለሽ በበጋ በርበሬ የምታጠጣው ታች ወንዙ ዳር ነው፤ ልጆቿን የሚያሳድረው እሱ ነው። ላይኛው ድንጋይ ነው፤ ዘር እንኳ በቅጡ አይመልስም። በመካከል የነበሩት የድንበር ድንጋዮች አሁን የሉም። ማንም አላነሣቸውም። ብቻ የሉም።

ካርታ ሊሠራ ናሁሰናይ የሚባል ወጣት ባለሙያ ከወረዳ መጣ። አድማሴ ገበያ ወጥቶ ነበርና ድንበሩን ያሳዩት ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስት ቦታ በጂፒኤስ ለካ። በሦስቱም ቦታ ወደ ምሥራቅ የሚቆጥረው ቁጥር አንድ ዓይነት ሆነ፤ ወደ ሰሜን የሚቆጥረው ብቻ ተለዋወጠ። የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ እንደመሆኔ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ከልጄ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ጋር ሳመሳክር እንዳገኘሁት፣ የቆመ መስመር ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ ቁጥር ንቅንቅ አይልም፣ ሌላው እንዳሻው ይወጣል ይወርዳል። ከዚህ በላይ ምሥጢር የለውም።

የናሁሰናይ ላፕቶፕ ግን ስሎፕ ካልተሰጠኝ አለ፤ መስመሩ ምን ያህል ያጋድላል ማለቱ ነው። ስሎፕ የሚገኘው ሽቅብ የተሄደውን ወደ ጎን ለተሄደው በማካፈል ነው። እዚህ ወደ ጎን የተሄደ የለም፤ ዜሮ ነው። ለዜሮ ማካፈል ደግሞ አይቻልም። ላፕቶፑ በቀይ “ስህተት” ብሎ ተቀመጠ።

ናሁሰናይ ድንበሩ ስህተት አለበት አለ። ስህተቱ ማካፈሉ እንጂ ድንበሩ አይደለም፣ የቆመ መስመር ስሎፕ የለውም፣ ምሥራቁን ቁጥር ብቻ ስጠውና ይበቃዋል አልኩት። የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ የኔታ ወልደ ዮሐንስ ጢማቸውን ይዘው ረጅም ጊዜ አሰቡ። ድጓ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው፤ አላውቅም ማለትን አልተማሩም።

“ከሌለው ዜሮ ነዋ” አሉ። “ዜሮ ብለህ ሙላው።”

ናሁሰናይ ዜሮ ብሎ ሞላው። ቀዩ ጠፋ። ኮሚቴው በሙሉ እፎይ አለ።

ዜሮ የተኛ መስመር ነው፤ ውኃ እንኳ የማይፈስበት ሜዳ። ስሎፕ የለውም ማለትና ስሎፑ ዜሮ ነው ማለት የቆመ ሰውና የተኛ ሰው ናቸው። ላፕቶፑ የታዘዘውን ሠራ፤ ድንበሩን በመሐል አጋድሞ ሣለው። ጎን ለጎን የነበሩት ማሳዎች ላይና ታች ሆኑ። የታችኛው የማን እንደሆነ ካርታው አልተናገረም። አድማሴ ተናገረለት።

በመጀመሪያው ስብሰባ፣ በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሁለቱን መስመሮች በከሰል ሣልኩላቸው። ገባችሁ ወይ አልኩ። በሚገባ አሉ። የቆመው ስሎፑ ስንት ነው አልኩ። ዜሮ አሉ። አጥፍቼ እንደገና ሣልኩ። እንደገና ገባቸው።

አቻምየለሽ ከኋላ ተነሣች።

“ልጄ” አለችው ናሁሰናይን፣ “ከመንገዱ ተነሥቼ ወንዝ ስወርድ አድማሴ ሁልጊዜ በግራዬ ነው። አሁን በየት በኩል ነው ልትለኝ ነው?”

“በታች በኩል፣ እትየ።”

“እየረገጥኩት ነዋ የምሄደው።”

የሳቀ አልነበረም። የኔታ ሳይንስ በቀልድ አይመለስም ብለው ገሠጿት። አድማሴም ተነሥቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ “እኔ ድንበሩ የት እንደነበር አላውቅም፤ የሚያውቀው ማሽኑ ነው” አለ። እሱንም ጻፍኩት። በሁለተኛው ስብሰባ ካርታው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ድምፅ የሌላቸው እኔና አቻምየለሽ ነበርን።

ማክሰኞ ጠዋት አድማሴ ታችኛውን ሊያርስ በሬዎቹን ጠመደ። ኋላ ነገር እንዳይነሣ ኮሚቴው ቆሞ ይይልኝ ብሎ ነበርና ሁላችንም ወረድን። አቻምየለሽ በርበሬዋ ውስጥ እጇን አጣምራ ቆመች።

አድማሴ ከምሥራቅ ጀምሮ ወደ እሷ አረሰ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ በሬዎቹ ቆሙ፤ ከዚያ ራሳቸው ዞሩ። ፀሐዩ ነው አለ። በሁለተኛው ትልም እዚያው ሲደርሱ ዞሩ። ጅራፍ አነሣ። በሦስተኛውም ዞሩ። የኔታ በሬዎቹ አዲስ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ስምንት ዓመቴ ነው እዚሁ ሳርስባቸው አለና ፈጥኖ ወደ በሬዎቹ ፊት ሄደ።

አራተኛውን ትልም ራሱ ከፊት ሆኖ ሊጎትታቸው ፈለገ፤ ግን እርፉን የሚይዝለት አጣ። እንደገና ከኋላቸው ገባ። ፊቱን ወደ እኛ መልሶ ስለ ካርታው፣ ስለ ማሽኑ፣ መንግሥት ስለፈረመበት ወረቀት ድምፁን ከፍ አድርጎ እያስረዳን ሄደ። በሬዎቹን አላያቸውም፤ መሬቱንም አላየም። የሦስቱ ትልሞች ጫፍ አንዱ ባንዱ ሥር ወደ ወንዙ ተሰልፎ ካበቃበት ቦታ ሲደርስ፣ ንግግሩን ሳያቋርጥ፣ እርፉን ነቅሎ ዞረ።