ቅርጫቱን አትንኩ

ምህረት ያን ቀን ቢሮ የገባችው ዘበኛው እንኳ ገና ፊቱን ሳይታጠብ ነው። ጂንካ በሚገኘው የከብት ጤና ማኅበር ጸሐፊ ከሆነች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ እንዲህ ማልዳ መጥታ ግን አታውቅም። ያቤጽ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ የማኅበሩን የድሮ ኢሜይሎች ወደ አዲስ ፕሮግራም አዛውሮ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር በዚያው ቀን ሊያጸዳው ነበር። እሷ ደግሞ ከዚያ ውስጥ ቀድማ ማውጣት ያለባት ነገር አለ።

ኢሜይል ጂንካ በገባ ሰሞን ማኅበሩ የነበረው አንድ ኮምፒውተርና አንድ አድራሻ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ሲሆን ከቱርሚና ከካንጋተን የሚመጡት የመስክ ሠራተኞች እሷ ወንበር ላይ እየተፈራረቁ ኢንቦክሱን ያነባሉ፤ የራሳቸውንም የሌላውንም። በዚሁ አድራሻ ነው እንግዲህ አርባ ምንጭ ይማር የነበረው ሙሉቀን ለምህረት መጻፍ የጀመረው። የት ትደብቀው? ልታጠፋው አንጀቷ አልቻለም። ቆሻሻ የሚያገላብጥ ሰው የለም ብላ፣ ያነበበችውን ሁሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ወዳለው የቆሻሻ ቅርጫት መክተት ጀመረች።

ሙሉቀን ዛሬ ባሏ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ቃል ግን ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሳ ብትወጣለት «ደህና ነው» ይላል፣ በቃ። ያ ሁሉ «ዓይኔ»፣ «ሆዴ» ያለው ቅርጫቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ። ሲከፋት ከፍታ ታነበዋለች፤ ከዚያ ፈገግ ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ያ ከጠፋ ሌላ ቦታ አታገኘውም።

ፍላሽ ይዛ ነበር የመጣችው፤ አሮጌው ኮምፒውተር ግን ፍላሹን ጨርሶ አላውቅህም አለው። ስትነቅል ስትሰካ ቢሮው በሰው ተሞላ። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ጸጋዬ ሻዩን ይዞ መጣ፤ የመስክ ሠራተኛው ኤርጎም ከቱርሚ ሪፖርት ሊያስገባ መጥቶ ወንበር ሳበ። ያቤጽም ደርሶ ኮምፒውተሩን ተረከባት፤ ሥራውን ሲያቀላጥፍ ቆየና ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ ምህረት፣ የገቡትንም የተላኩትንም ወስጃለሁ። ቆሻሻውን ባዶ አድርጌ ልዝጋው አይደል?»

ምህረት ፍላሹን በእጇ ጨበጠች። ዝም ብትል ጉድ ሆነች፤ ብትናገር ደግሞ እስከ ማታ ጂንካ ሙሉ ይሰማዋል። ያቤጽ እጁን ወደ ማውሱ ሲሰድ ግን አፏ ቀደማት።

«እንዳትነካው። ባሌ የጻፈልኝ ነው ያለው።»

 አንገቷን ደፍታ ሳቁን ጠበቀች። ጋሽ ጸጋዬ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እናውቃለን እኮ፣ ምህረት። ይህ ቅርጫት ይህን ሁሉ ዘመን ሳይጠረግ የቀረው በምን ይመስልሻል? አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር ሁሉን ንካ፣ ቅርጫቱን አትንካ እያልኩ አይደል የኖርኩት?»

ኤርጎ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሚስቱን ሊያግባባ የተናገረው ቃል ግማሹ ከዚያው የተቀዳ መሆኑን፣ ወደ ሐመርኛ ሲመልሰው ብቻ ትንሽ እንደተቸገረ ተናገረ። ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ፤ ምህረትም እንባዋን እየጠረገች አብራ ሳቀች። ከእነሱ ስትደብቅ የኖረች መስሏት ነበር፤ እነሱ ለካ ሲጠብቁላት ኖረዋል። ያቤጽ ደብዳቤዎቹን የት ላድርጋቸው ብሎ ሲጠይቃት ኢንቦክስ ውስጥ አለችው።

ማታ ለሙሉቀን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ኤርጎ ጋ ስትደርስ ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ። እራቱ እስኪያልቅ ቃል አልተነፈሰም፤ እሷም ተቀይሞኛል ብላ ሰጋች። እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ ነው ቀና ያለው።

«አድራሻው ያው የድሮው ነው?» አላት።