የኖሪን ምስክሮች

እዚህ አሜሪካ፣ በእኛ ወረዳ በካውንቲያችን፣ ሽጉጥ በጉያው ይዞ መሄድ የፈለገ ሰው አራት ምስክር ያመጣል። አራቱም እዚሁ ነዋሪ መሆን አለባቸው፤ አራቱም "አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው" ብለው ይፈርማሉ። ለተወላጁ ምን ችግር አለው? ጎረቤቱን፣ የአደን ጓደኛውን፣ ፀጉር ቆራጩን ጠርቶ በአንድ ከሰዓት ይገላገላል። ከባሏ ሸሽታ፣ ማንም እንዳያውቃት ብላ እዚህ በረዶ ውስጥ የተደበቀች ሴትስ? እስቲ ማንን ታምጣ? ይኼን ሕግ ያወጣውን ሰው ባገኘው መጀመሪያ የምጠይቀው ይኼን ነው።

ኖሪንን ያወቅኳት በልብስ ማጠቢያ ቤታችን ነው። እኔና ባሌ መርል ሳንቲም የሚጎርሱ ማሽኖች ደርድረን ነው የምንኖረው። አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ የማታ ተረኛ ስለነበረች እሑድ እሑድ ዩኒፎርሟን ይዛ ትመጣለች። ሁልጊዜ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ነው የምትቀመጠው። መጀመሪያ ደስ አላለችኝም፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ሲያፈጥ አልወድም።

"የኔ ልጅ፣ በሩ እኮ የትም አይሄድም" አልኳት አንድ ቀን።

"በሩን አይደለም፤ የሚገባውን ነው የማየው" አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ቀስ በቀስ ነገሩን አወጣሁት። ባሏ ዌይድ ይባላል። ኦሃዮ እያሉ መንጋጋዋን ሰብሮ ታሰረ፤ ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። ፍርድ ቤት እንዳይጠጋት ከልክሎታል፤ እሱ ደግሞ "የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ" ብሎ በእህቷ በኩል ልኮባታል። በሌሊት መኪናዋን አስነስታ ጠፋች፤ ቤንዚኗ ያለቀው እኛ ጋ ነው። ወንዙ ማዶ አንዲት ጎጆ ተከራየች።

"ይኼን ያህል ከፈራሽ የኔን ረጅም ጠመንጃ ውሰጂው" አላት መርል። "የአባቴ ነው። ድምፁ ብቻ ድብ ያባርራል።"

"እሱን ተሸክሜ ሽማግሌ ላጥብ ልግባ?" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ያ የተሰበረው መንጋጋዋ ትንሽ ይጣመማል። "ቤት ውስጥስ በር እቆልፋለሁ፣ አቶ መርል። እኔን የሚያስፈራኝ ከመኪናው እስከ በሩ ያለችው መንገድ ናት። ለሷ ደግሞ ትንሽ፣ ኪስ የምትገባ ያስፈልገኛል። በሕግ ነው የምይዘው። አንዲት ነገር ብሳሳት ዌይድ ነው የሚስቅብኝ።"

እንግዲህ ምስክር ፍለጋ ተጀመረ። እኔ አለሁ፣ መርል አለ፣ የመጦሪያው አለቃዋ እሺ አለች። አራተኛዋን ፊሊስን አመጣኋት። ፊሊስ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ልቧ ቅቤ ነው፤ አፏ ግን መዝጊያ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፒያኖውን የምትመታ እሷ፣ ወጥ ቤቱን የምታዝ እሷ፣ ለማን እንደሚጸለይ የሚነግረውን የጸሎት ዝርዝር የምታወጣ እሷ። ኖሪንን ሦስት ጊዜ ምሳ ጋብዛ "እንደ ልጄ ነው የማውቃት" ብላ ፈረመች።

ኖሪን አሻራዋን ሰጠች፣ ፎቶዋን ሰጠች፣ ፋይሉ ገባ። ስድስት ወር ይፈጃል ተባለ። በስድስተኛው ወር ለሸሪፍ ቢሮ፣ ለካውንቲው ፖሊስ ማለቴ ነው፣ ስትደውል "በሂደት ላይ ነው" አሏት። በሰባተኛውም፣ በስምንተኛውም ያው ነው። በዘጠነኛው አንድ ደህና ሰው ስልኩን አንስቶ እውነቱን ነገራት፤ የሚያጣራው መርማሪ ለመላው ካውንቲ አንድ ነው፣ እሱም ወገቡን ታሞ ተኝቷል። ምስክሮቿ ሳይጠየቁ ፋይሉ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ አይወጣም።

"እስከዚያ ምን ላድርግ?" ብትለው "ይጠብቁ" አላት። ደሜ ፈላ። ዌይድም ይጠብቅ እንደሆነ ጠይቂያቸው እንጂ!

ከዚያ ወዲያ የእኛ ሥራ ስልክ መጠበቅ ሆነ። መርል መጸዳጃ ቤት እንኳ ሲገባ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው፣ ስልኩ ቢጮህ ብሎ። አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ "ጨዋ ሴት ናት፣ ጌታዬ" እያለ ሲለማመድ ያዝኩት።

"እሷን ልታገባ ነው እንዴ?" ስለው፣ "ዝም በይ፣ ይኼ ጨዋታ አይደለም" ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ነበር።

ፊሊስ ደግሞ በራሷ መንገድ ልታግዝ ተነሳች። የጸሎት ዝርዝሩ ውስጥ የማይገባ የለም፤ ማን ቀዶ ሕክምና አለበት፣ የማን ልጅ ፈተና ወደቀ፣ የማን ላም ወተት ነጠፈች። ድሮ በወረቀት ብቻ ነበር፣ አሁን በኢንተርኔትም ይለጠፋል። አንድ ረቡዕ ፈገግ ብላ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። "ከኦሃዮ ለመጣችልን እህታችን ለኖሪን፤ የሽጉጥ ፈቃዷን ዳኛው እንዲፈርምላት፤ ምስክሮቿ የልብስ ማጠቢያዎቹ ግሌንዳና መርል ቶሎ እንዲጠየቁ" ይላል።

"አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?" አልኳት።

"ምነው? የቤተሰብ ስሟን እኮ አልጻፍኩም!"

"ከኦሃዮ የመጣች ስንት ኖሪን አለችን?"

"ጸሎት እኮ ነው፣ ግሌንዳ። ጸሎት ማንን ጎድቶ ያውቃል?"

ጮህኩባት። እያለቀሰች እዚያው አጠፋችው። ለኖሪን ስንነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። "መቼ ነው የተለጠፈው?" አለች ብቻ። እሑድ መሆኑን ስትሰማ ትንሽ አሰበችና "ምንም አይደል፣ በቅንነት ነው" ብላ የፊሊስን ትከሻ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ልብሷ እስኪደርቅ አትቀመጥም፤ እርጥቡን በከረጢት ይዛ ትሄዳለች።

የተመኘነው ስልክ በሚቀጥለው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ጮኸ። መርል ጆሮው ስለደከመ ድምፁን ክፍት አደረገው።

"ሳጅን ኮል እባላለሁ፣ ከሸሪፍ ቢሮ። ስለ ኖሪን የሽጉጥ ፈቃድ ነበር" አለ፤ ረጋ ያለ፣ ትሑት ድምፅ።

መርል ከወንበሩ ተነሳ፣ ቆቡንም አወለቀ። ሰውዬው የሚያየው ይመስል! እኔ ደግሞ ፎጣ ማጠፌን ትቼ አጠገቡ ቆምኩ።

"ትጠጣለች?"

"ኧረ እሷ! ለስላሳ እንኳ አትጨርስም፣ ጌታዬ።"

"ቁጡ ናት?"

"ዝንብ አትነካም።"

"ብቻዋን ነው የምትኖረው? ሌላ አዋቂ ካለ እሱንም ማጣራት አለብኝ።"

"ብቻዋን ናት። ውሻ እንኳ የላትም።"

"ፎርሙ ላይ ያለው የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻ ነው። ቤቱን አይቼ መፈረም አለብኝ።"

መርል ነገረው። ድልድዩን ተሻግሮ፣ የተቃጠለውን ጎተራ አልፎ፣ የጠጠሩን መንገድ እስከ መጨረሻው። እኔም ከኋላ ሆኜ "በጓሮ በር ነው የምትገባው በለው፤ የፊቱን በረዶ ዘግቶታል፣ ሰውዬው በከንቱ እንዳይንገላታ" አልኩ። ለሱ አዝኜ! በምን ሰዓት እንደምትገኝ ጠየቀ። እኩለ ሌሊት ገደማ ከሥራ እንደምትገባ ነገርነው።

"የመጨረሻ ጥያቄ። አሁን ቤቷ ውስጥ ወይም መኪናዋ ውስጥ መሣሪያ አለ?"

መርል ደረቱን ነፋ። ይቺን ጥያቄ ሲጠብቃት ነው የከረመው። "የለም ጌታዬ። የራሴን ልስጥሽ ብላት እንቢ አለች። ሕጉን እጠብቃለሁ አለችኝ። እንዲህ ያለች ሴት ናት።"

"በጣም ጥሩ። ማወቅ የፈለግኩት ይኼን ነበር" አለና አመስግኖን ዘጋ።

እሰይ ብዬ መርልን ሳምኩት፤ ስንት ዘመኔ! ኖሪን ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ አለች፤ ገና ከበሩ ነገርናት። አላመነችም። "ተጠየቃችሁ? በእውነት?" እያለች ደጋገመች። የመርልን መላጣ ሳመችው፣ ከማሽኑ ቸኮሌት ገዝታ ለሦስት ቆርሳ አጎረሰችን። ከዚያ ልብስ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ስለ አንዲት የመጦሪያው አሮጊት ታወራን ጀመር፤ ሴትየዋ ሰው ሠራሽ ጥርሷን በየቀኑ የጎረቤቷ አልጋ ውስጥ ትደብቃለች አሉ። ስቀን ስናበቃ ነው ያስተዋልኩት፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበር የተቀመጠችው።

ዓርብ ትልቅ በረዶ ወረደ። እሑድ ኖሪን አልመጣችም። ብደውል አታነሳም። ቅዳሜና እሑድ ዕረፍቷ ነው፣ መንገዱም ገና አልተጠረገም።

"ተያት ትተኛ፣ ስንት ወር ያልተኛችውን" አለ መርል። እኔም ተውኳት።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ማሽኖች እንደሞላሁ የሱቁ ስልክ ጮኸ።

"ወይዘሮ ግሌንዳ? ከሸሪፍ ቢሮ ነው። ስለ አመልካች ኖሪን ጥቂት ጥያቄዎች ነበሩኝ" አለች፤ ወጣት ናት፣ ጉንፋን ይዟታል።

"የኔ ልጅ፣ እኛ ጨርሰናል እኮ!" አልኳት እየሳቅኩ። "ሳጅን ኮል ባለፈው ማክሰኞ ጠይቆናል።"

"ማን?"

"ሳጅን ኮል። የናንተው።"

ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። "ወይዘሮ ግሌንዳ፣ እዚህ ኮል የሚባል የለም። መርማሪው ስለታመመ ይኼ ፋይል ለኔ የተሰጠኝ ዛሬ ነው። አሁን መክፈቴ ነው።"

ያ የፊሊስ ጽሑፍ ከነስማችን ዓይኔ ላይ መጣ፤ የሱቃችን ስልክ ደግሞ መስኮታችን ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ የትም ይገኛል። የማናውቀውን ሰው ድምፅ ለምን አመንን? ስንጠብቀው ስለከረምን ነዋ! አሥር ወር ሙሉ ጠይቁን፣ ጠይቁን ስንል ከርመን፣ የጠየቀንን ሰው ማን ነህ እንለዋለን?

መርል ፊቴን አይቶ መጥረጊያውን ጣለ። "ምንድን ነው?"

"ያ ሰውዬ ሸሪፍ አልነበረም፣ መርል።"

ከዚያ ያለ ካፖርት፣ ያለ ቆብ፣ በዚያ ጉልበቱ እየሮጠ ወጣ። መኪናው ሲነሳ ሰማሁት።

ልጅቷ ስልኩን እንዳልዘጋ ነገረችኝ። "ምን ምን ነገራችሁት?" አለች። ቆጠርኩላት። ብቻዋን ናት አልነው። ውሻ የላትም አልነው። መሣሪያ የላትም አልነው። እኩለ ሌሊት ትገባለች አልነው። እያንዳንዷን ስናገር ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ። ልጅቷ የምትጽፍበት ድምፅ ቆመ።

የእጅ ስልኬ ጮኸ። በሌላው ጆሮዬ አደረግኩት።

"መኪናዋ አለ" አለ መርል። ትንፋሹ ይቆራረጣል። "በረዶ ለብሷል። ከዓርብ ጀምሮ አልተነሳም።"

"ብቻህን እንዳትገባ።"

"መግባት አያስፈልግም። መኪናውና በሩ መሃል ናት፣ ግሌንዳ። በረዶው ሸፍኗታል። ቁልፏን እንደያዘች ነው።"

ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። እናቱን ስንቀብር እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አልሰማሁትም። "ውሻ እንኳ የላትም አልኩት" ይላል፤ "ውሻ እንኳ የላትም አልኩት እኮ።"

ልጅቷ በወዲያኛው ስልክ ሁሉንም ሰምታለች። ድምፅዋ ቀጠነ።

"ወይዘሮ ግሌንዳ፣ አድራሻውን ይንገሩኝ። ፎርሙ ላይ ያለው የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻ ነው።"

ነገርኳት። ድልድዩን ተሻግሮ፣ የተቃጠለውን ጎተራ አልፎ፣ የጠጠሩን መንገድ እስከ መጨረሻው፣ በጓሮ በኩል። መርል ባለው ቃል አልኩት፣ አንድም ሳልጨምር።

"መኪና እየላክን ነው። በረዶው ስላለ ሊቆይ ይችላል፣ እባክዎ ይጠብቁ" አለችኝ።

"አሥር ወር ጠበቅን እኮ፣ የኔ ልጅ" አልኳት።