ሜኔክሊስ የቆመበት እርከን

ኮሪቦስ ከድንጋይ ማውጫው አፋፍ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ጎረቤቱ ፋንያስ ገበያ አይወጣም፣ መቅደስም አይገባም። በአቴና አገር በነፍስ የተከሰሰ ሰው ፍርዱ እስኪታወቅ ድረስ ርኩስ ነው። ዓሣውንም ዘይቱንም የሚገዛለት የሚስቱ ወንድም ሜኔክሊስ ነበር። ኮሪቦስ ሲወድቅ ያየውም ሰው እሱ ብቻ ነው።

ያየው ነገር ጥቂት ነበር። ማምሻው ላይ ከወይኑ እርከን ላይ ቆሞ ቅርንጫፍ ይገርዛል። ከታች ሁለቱ ሰዎች ስለ ድንበር ድንጋይ ይጨቃጨቃሉ። ቀና ሲል አንደኛው እጁን ወደ ሌላው ዘርግቷል፤ ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ፋንያስ፣ ኮሪቦስን አንሸራቶት ሊይዘው እንደነበር ተናገረ። የኮሪቦስ ወንድሞች ገፍቶ ገደለው ብለው ከሰሱ።

በነፍስ ክስ የሚመሰክር ሰው ያየውን ተናግሮ ብቻ አይወርድም። በታረደ አሳማ፣ በግና ኮርማ ሥጋ ላይ ቆሞ፣ የተከሰሰው ሰው አለመግደሉን አውቃለሁ ብሎ ይምላል። ከዋሸ እሱም ልጆቹም ከሥር እንዲነቀሉ ራሱን ይረግማል። ሌላውን ሰው የሚያስፈራው እርግማኑ ነው። ሜኔክሊስን ያስጨነቀው ግን «አውቃለሁ» የምትለው ቃል ነበረች።

በወጣትነቱ ዴሞፎን የሚባል መምህር ከባሕር ማዶ መጥቶ ነበር። ሜኔክሊስና ጓደኞቹ ከከተማው ቅጥር ሥር ቁጭ ብለው ይሰሙታል። ዴሞፎን ሁሉ ነገር ከውኃ ነው ስላለው የጥንት ሰው፣ የለም ከአየር ነው ስላለው ሌላ ሰው ሲያወራቸው ይስቃሉ። እሱ ግን በመልሱ አትሳቁ፣ ካህን ሳይጠይቁ ራሳቸው የጠየቁ የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው ይላቸው ነበር። ጥበብ ሦስት ደጅ አላት ይል ነበር፤ ዓለም ከምን ተሠራች፣ ያወቅነውን እንዴት አወቅነው፣ እንዴትስ እንኑር። በመጀመሪያው ደጅ የገባ ይደሰታል፣ በመጨረሻው የገባ ሰውን ይመክራል። መካከለኛው ደጅ ግን ይበርዳል፤ ብዙ ሰው አይቆምበትም።

የሰፈሩ ሰው ከዚህ ሁሉ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሜኔክሊስ ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ናት ማለቱን። በሐሩር ቀን ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲደርስ ድንጋይህን ትንሽ አቀዝቅዝልን ይሉታል። እሱም ይስቅ ነበር።

ችሎቱ ሲቃረብ እኅቱ አርኪጴ መጣች። ከበሩ ሳታልፍ ጀመረች።

«ሌላ ሰው ቢሆን ይገባኛል፤ አማልክቱን ይፈራል። አንተ ምን ትፈራለህ? ላንተ ያ ሥጋ ሥጋ ነው።»

«ሥጋ ነው።»

«እንግዲያ ቁምበትና ማልልኝ።»

«አላውቅማ፣ አርኪጴ። መግፋትና መያዝ ከሩቅ አንድ ናቸው።»

«ባሌን አታውቀውም? ዶሮ እንኳ እኔ ነኝ የማርደው።»

ያውቀዋል። ዶሮ ማረድ የማይችለው ፋንያስ፣ አንድ ጊዜ ተቆጥቶ የበቅሎ መንጋጋ መስበሩንም ያውቃል።

«ነገ ፀሐይ እንደምትወጣ ታውቃለህ?» አለችው። «ያንን እንዴት አወቅህ? አላየኸውም እኮ።»

ዴሞፎንም ቢኖር ይኸንኑ ይጠይቀው ነበር። መልሱን ያኔም አላገኘውም። እሷ ማልቀስ ጀመረች። ከተፈረደበት ይሰደዳል፣ እኔም እከተለዋለሁ፣ የአባታችንን መቃብር ማን ያጥባል አለችው።

በማግስቱ ወደ ችሎቱ ሹም ሄዶ፣ ያየሁትን ብቻ ብዬ ብምልስ ሲል ጠየቀ። ሽማግሌው ምስሩን እየበላ ነበር። ቃለ መሐላ ጫማ አይደለም፣ በእግርህ ልክ አይሰፋልህም ብሎት ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ዳኞቹ ከርኩስ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጡምና ችሎቱ ሜዳ ላይ ነበር። ሜኔክሊስ ጫማውን አውልቆ ሥጋው ላይ ወጣ። ገና አልቀዘቀዘም፤ ከእግሩ ሥር ይንሸራተታል። ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ ብሎ አስቦ ነበር የመጣው። አፉን ሳይከፍት የኮሪቦስ ታላቅ ወንድም ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ይኼ ደግሞ በማን ሊምል ነው? በድንጋዩ?»

ዳኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ የሚስቅለት ቀልድ እዚህ ፊቱን አቃጠለው። ከሜዳው ዳር አርኪጴ በነጠላ መጎናጸፊያዋ ተሸፍና ቆማለች። ሜኔክሊስ የራሱን ድምፅ ሰማ፤ አውቃለሁ ይላል፤ ጎላ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ያላመነታ ድምፅ።

ፋንያስ ነጻ ወጣ። አርኪጴ በግ አሳረደች፤ ጎረቤት ሁሉ ጠጣ። ሜኔክሊስ ቤቱ ገብቶ እግሩን አጠበ፣ ደግሞም አጠበ። በእርግማኑ አያምንም። ነገር ግን ትንሿ ልጁ ከውስጥ ስታስል በሰማ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ያያታል፤ ከጉድጓዱ አጠገብ ስትጫወትም ራቂ ይላታል።

ወይኑ ሲለቀም፣ አንድ ቀን ወደ ማምሻው ፋንያስ እርከኑን ወጥቶ መጣ። በቅሎውን ታች፣ ድንጋይ ማውጫው አፋፍ ላይ አስሯታል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ አንድ ዘለላ አነሣና ሳይበላ ያዘው።

«ለአርኪጴ ያልነገርኳትን ልንገርህ። ልይዘው ነበር ብያለሁ። ግን በጣም ተናድጄ ነበር፣ ሜኔክሊስ። እጄ ስትዘረጋ ምን እንደፈለገች እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። አንተ አውቃለሁ ስትል ነው ያረፍኩት። አንተ እኮ እንደ ሰዉ አትምልም፤ ካላወቅህ አትልም።»

ሜኔክሊስ መቀሱን አስቀመጠ።

«የቆምክበትን አሳየኝ» አለ ፋንያስ። «አንድ ጊዜ አንተ ባየህበት በኩል ልየው።»

አሳየው። ፋንያስ ቦታው ላይ ቆመ። ፀሐይዋ እንደዚያን ቀን ማምሻ ልክ ከአፋፉ በላይ ወርዳ ዓይን ትወጋለች። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ፊቱ ላይ የነበረው እፎይታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«በቅሎዬ ያቺ ናት?»

«አዎ።»

ከብርሃኑ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ቆሟል።

«ፊቷ ወደኛ ነው ወይስ ወደ ገደሉ?»

ሜኔክሊስ አየ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር አየ።

«አላውቅም» አለ።

ፋንያስ ዘለላውን ድንጋዩ ላይ በቀስታ አስቀመጠና ወደ በቅሎው ወረደ።