በአንድ ጣት የሚሄድ

እታገኝ በእጇ የሠራችውን ቴሌስኮፕ ይዛ ወጥታ ለተማሪዎቿ ጨረቃ ያሳየች ዕለት፣ ሠላሳዎቹም ተራ በተራ እያጎነበሱ «በጣም ታምራለች መምህርት» ብለው ሄዱ። የፊዚክስ መምህርት አይደለች? ደስ አላት። መጨረሻ ላይ ራሷ ብታይ ጥቁር ሰማይ ብቻ። መቆሚያው ቀስ ብለው ሲገፉት ችክ ይላል፣ ጠንከር ሲያደርጉት ዘሎ ጨረቃዋን ያልፋታል። ከስንተኛው ተማሪ ጀምሮ እንደጠፋች እግዜር ይወቀው፤ ልጆቹ ግን ይሉኝታ ይዟቸው አየን አሉ። እታገኝ አንጀቷ አረረ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። አንድ ሰው ከልቡ ሳያይ ዳግመኛ ለተማሪ ላታወጣው ማለች።

በባጃጅ ጭና ሰሜን ክፍለ ከተማ ካለው አናጺ ከይማም ዘንድ ወሰደችው። ይማም ከወሎ መጥቶ መቀሌ ላይ ቁም ሣጥን ሲሠራ የሸበተ ሰው ነው።

«አብሽሪ እታለም» አለና ከመኪና ጎማ የወጣ ኩሽኔታ ገጠመለት። ዞረ፣ ያውም እንደ ጉድ። ነፋስ ሲነካውም ይዞራል፤ ቁም ቢሉት አይሰማም።

«ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?»

«በአንድ ጣት ሲገፉት የሚሄድ፣ ሲተዉት እዚያው የሚቀር።»

«እንዲህ ያለ ሰው እንኳ አላጋጠመኝ።»

ይበል እንጂ ነገሩ አልለቀቀውም። የሰው አልጋ ጀምሮ ትቶ ከሚስቱ ከኡሙሀኒ ወጥ ቤት አሮጌ የፕላስቲክ መክተፊያ አነሣ። ሦስት ትንንሽ ቁራጭ አወጣና ታችኛው ጣውላ ላይ በምስማር መታቸው፤ በላያቸው የሚዞረውን ጣውላ ፎርማይካ አለበሰው። ከዚያ እጁ አላርፍ ብሎ እንደ መሳቢያ ሻማ ቀባው። መቆሚያው እንደገና ችክ አለ።

«ሲቆም ሻማው ይይዘዋል መሰለኝ» አለች እታገኝ፣ ጎንበስ ብላ እያየች። «ደረቁን እንሞክረው?»

«ያልተቀባ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም» አለ ቅር እያለው። ቢሆንም በነጭ ጋዝ ጠርጎ አነሣው። በጣቱ ገፋው፣ ሄደ። ተወው፣ ቆመ። እየተቀባበሉ ሲገፉት አመሹ።

መሽቶ ግማሽ ጨረቃ ስትደምቅ እታገኝ ደጅ ላይ አነጣጥራ ጠራችው። መነጽሩን ጠራርጎ አጎነበሰ።

«አልታየኝም» አለ።

እስካሁን እውነቱን የነገራት እሱ ብቻ ነው።

«መነጽርዎን ሲጠርጉ አልፋ ይሆናል፤ ምድር አትቆምም። በጣትዎ ይከተሏት።»

ይማም ጣቱን አሳርፎ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ መለሰ፣ ደግሞ ገፋ። ከዚያ ጣቱን አነሣ።

«ጉድጓድ ጉድጓድ ነች» አለ ቀና ሳይል። «አንዱ ጉድጓድ መሐሉ ላይ ትንሽ ጉብታ አለው። ማን ነው እዚያ የከመረው?»

ይሄን ለይሉኝታ ብሎ የሚፈጥረው ሰው የለም። እታገኝ መልሱን ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ግን «እስቲ ልየው» ብላ አጠገቡ አጎነበሰች።