ሟቿ የሩፖ አባል

ኒንከ የእህቷን ስም ካየች ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ስሙ ያለው ሽንት ቤት ውስጥ ነው።

ስድብ አይደለም። በደቨንተር ከተማ የሰው ክብር የሚታወቀው ከመቀመጫው ፊት ለፊት በሚሰቀለው የልደት ካላንደር ነው። ይህ ካላንደር ዓመት አያውቅም፣ ሰኞ ማክሰኞም አያውቅም፤ ያለው ወር፣ ቀንና ከቀኑ ጎን የተጻፈ የሰው ስም ብቻ ነው። አንዴ ስምህ ከገባ የቤቱ ሰው ሁሉ ቁጭ ባለ ቁጥር ያስብሃል። ስለዚህ ለዘመድ ልደት ጥሪ የሚልክ የለም። «ቀኑን ረስቼው» ማለት «ሽንት ቤት አልገባም» እንደ ማለት ነውና ማንም አያምንህም።

ኒንከ ከተኳረፉ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ማርችን እየዘለለች ኤፕሪልን ትገልጥ ነበር፤ የታላቅ እህቷን የአላይድን ስም ላለማየት። ዛሬ ግን ማርች ሃያ ሦስት ነው፣ አላይድ ስልሳ ዓመት ይሞላታል፣ እርቅም ወርዷል። ኒንከ ቁጭ አለችና ገጹን ወደ ኋላ መለሰችው።

በእናቷ እጅ «አላይድ» ተብሎ በተጻፈው ላይ ነጭ ስቲከር ተለጥፎበታል። በማሽን የታተመው ድርቅ ያለ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ሄንድሪካን ሰርዝ!!»

ሄንድሪካ እናቷ ናት። ከሞተች ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል።

«ኸርብራንድ!» ብላ ጮኸች፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

ኸርብራንድ ባሏ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል፤ በሰው መካከል የሚኮራውም «ሩፖ ከኔ አንድ ሳንቲም በልቶ አያውቅም» እያለ ነው። ሩፖ ያቺ የምትስቅ ዝይ ዓርማው የሆነች የኢንተርኔት ሱቅ ነው። አባል የሆነ ሰው ያዘዘው ዕቃ በማግስቱ ያለ ማድረሻ ክፍያ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። የመጀመሪያው ወር ሙከራ ነው፣ በነፃ። ወሩ ሲያልቅ «በቃኝ» ያላለ ግን የዓመቱን ክፍያ ዝይዋ ሳትጠይቀው ከባንኩ ትለቅምበታለች። ኸርብራንድ ይህን እንደ ፈተና ጥያቄ ነበር የያዘው። አንድ ወር በራሱ ስም ይገባል፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ይሰርዛል። ቀጣዩን በኒንከ ስም፣ ከዚያ በልጃቸው፣ ከዚያ በውሻቸው። ውሻው «አቶ ቦለ» ተብሎ አንድ ወር ሙሉ በክብር ዕቃ ሲላክለት ከርሟል። የሚሰረዝበትን ቀን ደግሞ ኸርብራንድ የቤቱ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያየው ቦታ ላይ ይለጥፋል። ስቲከር ማተሚያውም ከሩፖ የመጣ ነው።

ስም ሲያልቅበት ጊዜ አማቱን አስታወሰ። ከተቀበረች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

በዚያው ሰሞን የኒንከ ልደት ሆነ። እንግዶቹ እንደ ወጉ ወንበራቸውን በክብ ደርድረው፣ ቁራሽ ኬካቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ስለ አየሩ ሲያወሩ ደወል ተደወለ። ዕቃ አድራሹ ካርቶን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመና «ወይዘሮ ሄንድሪካ አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ክቡ ኬኩን እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ። ኸርብራንድ ብድግ ብሎ ፈረመ፣ ካርቶኑን ሁሉም ፊት ከፈተና «እንቁላል መቀቀያ ነው!» አለ፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየበራ። አላይድ ያልነካችውን ኬክ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ካፖርቷን አነሳች፤ ወጣች። ሁለት ዓመት ድምጿ አልተሰማም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው የደወለችው። «ለልደቴ ወንበር ይኖራችኋል» አለች። «ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። እማዬ ከዚያ የሩፖ ቆሻሻ ውስጥ ወጥታለች?»

ኒንከ ስልኩን በእጇ ሸፍና ባሏን ጠየቀችው። እሱም ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ድሮ!» አለ። እሷም «ድሮ» ብላ ለእህቷ አቀበለች። እርቁ የቆመው በዚያች ቃል ላይ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ኸርብራንድ አሁን ከሽንት ቤቱ በር ውጭ።

«እማዬን ሰርዘሃታል?»

«ነገርኩሽ እኮ። ስቲከሩን ሳይ ሰርዣለሁ።»

«ስቲከሩን የት ታየዋለህ? ገጹ እኮ ኤፕሪል ላይ ነበር!»

 ኸርብራንድ ከበሩ ማዶ በከሳሽ ድምፅ «ማነው ገጹን የገለጠው?» አለ።

ኮምፒውተሩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈቱት። የእናቷ የኢሜይል ሣጥን ቁልፉ የድመቷ ስም ነበር፤ ተከፈተ። ከሩፖ በቀር የጻፈላት የለም። «ሄንድሪካ፣ ናፍቀሽናል!» «ሄንድሪካ፣ ብርዱ መጣ፣ እግርሽን አደራ፤ ካልሲ በቅናሽ!» «ሄንድሪካ፣ እንኳን ተወለድሽ፤ ዛሬ ላንቺ ብቻ አሥር በመቶ ቅናሽ!» ሰማንያ አራት ዓመት ኖራ የሞተችን ሴት ዝይዋ «አንቺ» ነው የምትላት። የመጨረሻው ዛሬ ጠዋት የገባ ነበር፦ «ሄንድሪካ፣ ሦስተኛው የአባልነት ዓመትሽ ነገ ይጀምራል። እንዳንቺ ያለ ታማኝ ጥቂት ነው።»

ኒንከ የልደቱን መልእክት ደግማ አነበበችው። ከተቀበረች ወዲህ እናቷን እንኳን ተወለድሽ ያላት ፍጡር ይህች ዝይ ብቻ ናት።

ኸርብራንድ የሚያየው ሌላ ነው። ማንም ዞር ብሎ የማያየውን የራሳቸውን የድሮ የቁጠባ ሒሳብ ከፍቶ ክፍያውን አገኘው፤ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል። ጆሮው ቀላ። ኒንከ ለአፍታ አፈረ ብላ አዘነችለት።

«ሁለት ዓመት!» አለ ጠረጴዛውን እየመታ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የተከፈለበት ማድረሻ ነበረን፣ አንድ ዕቃ እንኳ አላዘዝንበትም!»

«የሚያናድድህ ይሄ ነው?»

«እኔ በሌላ ስም ስባክን! ሒሳቡን አስቢው እንጂ፤ በሷ ስም ብናዝ ኖሮ ያዋጣን ነበር።»

«ጓዳው ጢም ብሏል፤ አርባ አንድ ዕቃ ቆጥሬያለሁ። ከአርባ አንዱ የቱን ፈልገነው ነበር? የአቮካዶ መላጫውን? አቮካዶ አትበላም!»

«ፍላጎት ሌላ፣ ጥቅም ሌላ ነው፣ ኒንከ።»

«ሰርዝ» አለች። «አሁን፣ እኔ እያየሁህ። ስምንት ሰዓት ላይ አላይድ ቤት ነን፣ ዓይኗን እያየሁ አልዋሽም።»

ሰባት ሰዓት አልፏል። መውጫውን ለማግኘት ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ «መለያዬ» ከሚለው ሥር «ምርጫዬ»፣ ከዚያ ሥር «ጥቅሞቼ»፣ ከዚያ ከገጹ ግርጌ ከአቧራ የማይበልጥ ፊደል። መግቢያው አንድ ቁልፍ ነበር፤ መውጫው እንደ አይጥ ጉድጓድ ይጠማዘዛል። ተገኘና ሲጫኑት ዝይዋ አንገቷን ደፍታ ብቅ አለች። «ሄንድሪካ፣ ለምን ትተሽን ትሄጃለሽ?» ከሥሩ አራት ምርጫ አለ፦ ተወደደብኝ፤ ሌላ ሱቅ አገኘሁ፤ ዕቃ ዘገየብኝ፤ ብዙም አልጠቀምበትም።

«ሞቻለሁ የሚል የለም?» አለች ኒንከ።

«የለም። አራተኛው ይቀርበዋል።»

ብዙም አልጠቀምበትም የሚለውን ተጫነ። ቀጣዩ ገጽ የምታጣውን ዘረዘረላት። የሚቀጥለው «የወዳጆችሽ አስተያየት» ነበር። ከዚያ ድንገት ወርቃማ ወረቀት በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ተበተነ፤ «ሄንድሪካ፣ ቆይ! ሦስት ወር በነፃ፣ ላንቺ!»

የኸርብራንድ ጣት አየር ላይ ቀረች።

«ኸርብራንድ።»

«አየሁት፣ አየሁት። አንቺ ቅደሚ፣ ይረፍድብሻል። ጨርሼ እከተልሻለሁ።»

«ትሰርዛለህ?»

«እሰርዛለሁ አልኩሽ እኮ! ሕፃን ነኝ?»

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ዘግይቶ መድረስ ከስርቆት አንድ ደረጃ ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። ከመጽሐፍ መደብር የገዛችውን ስጦታ ብስክሌቷ ላይ አስራ ወጣች።

አላይድ ቤት ክቡ ሞልቷል፤ በመካከሉ ጎን ለጎን ሁለት ባዶ ወንበር። ወጉ ባለልደቷን ብቻ ሳይሆን የተሰበሰበውን ሁሉ እንኳን አደረሰህ ማለት ነውና፣ ኒንከ ዙሪያውን እየጨበጠች ዞረች። «እንኳን ለእህትሽ ልደት አደረሰሽ።» «እንኳን ለጎረቤትዎ ልደት አደረሰዎ።» አጎታቸው ዎልተር ከኬኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «እንኳን አደረሰሽ፣ ማነሽ አንቺ?» አላት፤ ሁሉም ሳቁ። አላይድ ግን ስታቅፋት ጆሮዋ ሥር ጠየቀች፦ «እማዬስ?»

«እየወጣች ነው።»

አላይድ ከእቅፏ ራቅ ብላ አየቻት። «ድሮ አላልሽኝም ነበር?»

ኒንከ ሰው ሁሉ የሚሸሽበት ቦታ፣ ሽንት ቤት ገባች።

በሩን ቆልፋ ቆመች። ካላንደሩ ፊቷ ተሰቅሏል፤ ማርች ነው፤ ዓይኗ ሳትፈልገው የራሷን ቀን ሄዶ አገኘው። ማርች ሁለት ላይ አንድ ጊዜ በነጭ ማጥፊያ ተቀብቶ የጠፋ ስም አለ። በደረቀው ነጭ ላይ ያው ስም በአዲስ ቀለም እንደገና ተጽፏል፦ «ኒንከ»።

ስሙን በጣቷ ስትነካ ስልኳ ጮኸ። ከኸርብራንድ መልእክት ነው። «አሸነፍኩ!! ሦስት ወር በነፃ ሰጡኝ። ጁን ሃያ ሁለት እንሰርዛለን፣ ስቲከሩን አትሜ ለጥፌያለሁ። መጣሁ።»

ስልኩን ኪሷ ከተተች። 

በሩን ገርበብ አድርጋ ጠራች። «አላይድ፣ ነይ እስኪ።»

«እዚያ ውስጥ?»

«ነይ ነው የምልሽ!»

የስልሳ ዓመቷ አላይድ ክዳኑ ላይ ተቀመጠች፤ ኒንከ በበሩና በእጅ መታጠቢያው መካከል ተጣበቀች። ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ስቲከሩን፣ ኤፕሪልን፣ ወርቃማውን ወረቀት። አላይድ ፊቷ አመድ መስሎ አዳመጠች።

«ሁለት ዓመት አባል?» አለች በመጨረሻ። «እማዬ? የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ቡድኑን እንኳ መዋጮ አለው ብላ ጥላ የወጣች ሴት?»

ሳቅ አመለጣቸው፤ መጥፎ ሳቅ፣ በእንባ የተለወሰ። በሩ ተንኳኳ። «ሰው አለ?» የአጎት ዎልተር ድምፅ ነው።

«ሁለት!» አለች አላይድ።

በኒንከ ስልክ ገቡ። ጉድጓዱን ሁሉ እንደገና ዞሩት፤ ለምን ትሄጃለሽ፣ ምን ታጫለሽ፣ ወዳጆችሽ ምን ይላሉ። ወርቃማው ወረቀት አሁን አልተበተነም፤ አንዴ የተበላ ማባበያ አይደገምም። የመጨረሻው ገጽ ነጭ ነበር። በመካከሉ አንድ መስመር፦ «ሄንድሪካ፣ እውነት ልትሄጂ ነው?» ከሥሩ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ፣ «እቆያለሁ»፤ ከሱ ሥር ደግሞ ደብዛዛ ግራጫ፣ «ልሂድ»።

አላይድ ጣቷን አነሳችና መልሳ አወረደችው። በዚያ ጃንዋሪ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ሁለቱም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይህንኑ ጥያቄ እናታቸውን ሊጠይቋት ፈልገው አልደፈሩም ነበር። ዝይዋ ደፈረች። ለካልሲ ሽያጭ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው ቁጭ ብሎ ይህን የሚጽፈው?» አለች አላይድ።

«ደመወዝ የሚከፈለው።»

«እኔ ብቻዬን አልጫነውም።»

ኒንከ ጣቷን ከእህቷ ጣት አጠገብ አደረገች። ግራጫውን አብረው ተጫኑት።

ዝይዋ አንድ እንባ ጠብ አደረገች። «ሐዘናችን ጥልቅ ነው፣ ሄንድሪካ። በስልሳ ቀን ውስጥ ከተመለስሽ ስጦታ ይጠብቅሻል።» አላይድ ከክዳኑ ላይ ተነሳች፤ ማንም ያልተጠቀመበትን መቀመጫ ውሃ ለቀቀችበት፣ ሁለት ጊዜ፤ እጇንም በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች።

ክቡ ውስጥ ገብተው ሳይቀመጡ ኸርብራንድ ደረሰ። ላብ አጥምቆታል፣ ፊቱ እንደ አሸናፊ ያበራል፣ ክንዱ ላይ ካርቶን ታቅፏል።

«እንኳን አደረሰሽ አላይድ! ስጦታ ይዤልሽ መጥቻለሁ፤ ጓዳ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን እንኳ እንቁላል አልተቀቀለበትም!»

ዝይዋ በካርቶኑ ጎን ላይ ትስቃለች። ከዝይዋ ሥር የተቀባዩ ስም ከነአድራሻው እስካሁን አልተላጠም፦ ወይዘሮ ሄንድሪካ። ክቡ እንደ ያኔው ወደ ካርቶኑ ዞረ። አላይድ ከንፈሯን ነክሳ ካፖርቶቹ ወደተሰቀሉበት ኮሪደር አየች፤ ቤቱ ግን የራሷ ነው፣ የምትሄድበት የለም። ከዚያ ኒንከን አየች። ሁሉም ኒንከን አየ።

ኒንከ ቀረብ ብላ ካርቶኑን ከባሏ ክንድ ተቀበለች። በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደሚሰበር ዕቃ ተጠንቅቃ፣ ከወንበሯ ጎን ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ስሙ ወደ ክቡ እንዲዞር አድርጋ። ከዚያ በራሷ ወንበር ተቀመጠች።

«እኔስ?» አለ ኸርብራንድ።

«ይቅርታ» አለች ኒንከ። «ተይዟል።»

አላይድ ቢላዋውን አንስታ ኬኩን መቁረስ ጀመረች። አጎት ዎልተር ወደ ጎን ዘንበል ብሎ በካርቶኑ ላይ ያለውን ስም አነበበና፣ እንደ ወጉ፣ «እንኳን ለልጅሽ ልደት አደረሰሽ» አለው። ኸርብራንድ እስኪመሽ ድረስ ኮሪደሩ በር ላይ ቆሞ ዋለ።