ባለ ደረጃው አዳራሽ

ጂንካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው የለቀቀው አንድ አሮጌ የመማሪያ ሕንፃ ለእኛ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ሥራችን የመሬት ጉዳይ ነው። እኔ ጥበቃ ነኝ።

ሕንፃውን ወደ ቢሮ የምትቀይረው መሐንዲስ ሩሃማ ትባላለች። ማፍረስ አትወድም። ከአሮጌ በሮች መደርደሪያ አሠራች። የጣሪያውን ውሃ ወደ ታንከር መለሰች። መስኮቶቹ ትይዩ ናቸው፣ ነፋሱ ይበቃል ብላ ኤሲ አላስገባችም።

ከኃላፊያችን ከአቶ ሸዋንግዛው ጋር ያልተስማማችው በአንድ ነገር ነው። ምድር ቤት መቀመጫው እንደ ደረጃ ወደ ላይ የሚሄድ የኮንክሪት አዳራሽ አለ። እሳቸው ፈርሶ ቢሮዬ ይሁን አሉ።

«ባለጉዳይ ይቀመጥበት» አለች።

«ባለጉዳይ ድሮም ውጭ ነው የሚጠብቀው።»

«ይህን ሁሉ ኮንክሪት አፍርሰን የት እንደፋዋለን?»

«መሐንዲሷ አንቺ ነሽ። ሰኞ ይፈረስ።»

ሰኞ አፍራሾቹ ድጅኖ ይዘው መጡ። ዝናብም መጣ። ዛፍ ሥር የቆመው ባለጉዳይ ወደ አዳራሹ ሮጠ። አልከለከልኩም።

«ሰው እያለ አይፈረስም» አለች ሩሃማ። ድምፅዋ ግን ደክሟል።

አቶ ሸዋንግዛው ሊያስወጧቸው ገቡ። በሩ ከታች፣ ከመቀመጫዎቹ ፊት ለፊት ስለሆነ ሲገቡ ሕዝቡ ፊት ቆሙ። ሰዉ ስብሰባ የተጠራ መስሎት ለክብራቸው ተነሥቶ ተቀመጠ። ጎሳዬ የሚባል የአሪ ገበሬ ቀድሞ ተናገረ።

«ከጠሩን ልናገር። ሉቃስ ድንበሬን አልፏል።»

«ድንበሩ ወንዙ ነው» አለ ሉቃስ ከላይ።

«ወንዙማ አንተን ፈርቶ ሸሸ።»

ሰው ሳቀ። ጎረቤታቸው ብርነሽ ከጥግ ተነሣች።

«ኃላፊውን አታድክሙ። ድንበሩ አባቶቻችሁ የተከሉት እንሰት ነው። ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።»

ሉቃስ ዙሪያውን አየ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያየዋል።

«እንሰቱ ነው» አለ።

አቶ ሸዋንግዛው ሁለቱን ለየብቻ፣ በር ዘግተው፣ ከዓመት በላይ ቢሰሟቸውም ጉዳዩ አልተፈታም ነበር። ወንበር አስመጡና ተቀመጡ። ሌላው ጉዳዩን ተናገረ፣ ከዚያ ሌላው። ዝናቡ ቆመ፤ የወጣ የለም። አፍራሾቹም ድጅኗቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ።

ኃላፊው ወደ ሩሃማ ዞሩ።

«ታዲያ እኔ የት ልሁን?»

«ፎቅ ላይ፣ ጥግ ያለችው ክፍል።»

«ጠባብ ናት።»

«ናት።»

«መስኮት አላት?»

«ሁለት።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ቀጣይ» አሉ።